ስለት የጎተተው ቤት

አማት ያላችሁ ሰዎች ይህን ስታነቡ ቀስ በሉ፤ የሌላችሁ እንደፈለጋችሁ ሩጡበት። እኔ አማት አለኝ። እማማ የሺ ይባላሉ። ከአዲስ አበባ መጥተው እዚህ ካልጋሪ፣ ስካይቪው ራንች፣ እኛ ቤት መኖር ከጀመሩ ወዲህ ቤታችን ሰላም ነው። ሰላም የሆነውም እሳቸው ያሉት ሁሉ ስለሚሆን ነው።

የነገሩ መነሻ እኔ በሌለሁበት፣ ሰማይ ላይ ነው። እማማ ወደዚህ ሲመጡ አውሮፕላኑ ውቅያኖስ መሃል ተናጠ። በሳቸው አባባል «እንደ ወተት ናጠን»። አጠገባቸው የተቀመጠው ፈረንጅ ፊልሙን ሲያይ እሳቸው ተሳሉ። «ገብርኤል ሆይ፣ አንተ በሰላም አሳርፈኝ እንጂ ሁለተኛ አውሮፕላን የሚባል ነገር እግሬ አይረግጥም!» አሉ። ገብርኤልም አሳረፋቸው። ሰው ሲሳል ጧፍ ይሳላል፣ ጃንጥላ ይሳላል፣ ቢብስበት ሰንጋ ይሳላል። እማማ ግን የመመለሻ መንገዳቸውን ተሳሉ። «ታዲያ አገርዎ በምን ሊገቡ ነው?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

«እሱን ያሳረፈኝ ያውቃል» አሉኝ።

ሰፈራችን ደግሞ አየር ማረፊያው አፍንጫ ስር ነው። አውሮፕላን ጣራችንን ዳብሶ ነው የሚያርፈው። አንዱ ባለፈ ቁጥር እማማ የያዙትን አስቀምጠው ያማትቡና «የሰው ልጆች፣ በሰላም ያውርዳችሁ» ይላሉ። በረራ በሚበዛበት ቀን ሽንኩርት ተከትፎ አያልቅም፤ እራት የሚዘገየው በበረራ ብዛት ነው።

እንዲህ እያለን ቫንኩቨር የምትኖረው የባለቤቴ ታናሽ እህት፣ ህይወት፣ አረገዘች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባለቤቴ ቤዛ ልጃችንን ስትወልድ እማማ ቪዛ ተከልክለው አዲስ አበባ ቀርተው ነበር። የአራሷን ገንፎ በስልክ ነው ያሠሩኝ። እኔ ማማሰያ ይዤ፣ ስልኩ ምድጃው ጎን ተደግፎ፣ እሳቸው «አማስል! እንዳይጓጉል አማስል!» ይላሉ። ትንሽ ቆይቶ ድምፃቸው ጠፋ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ! ሃሎ!» አልኩ። አልተቋረጠም፤ እያለቀሱ ነበር። ገንፎው ጓጎለ።

ስለዚህ እማማ «ለአንዷ አልደረስኩም። ለዚህችኛዋ ካልደረስኩ እናት አትበሉኝ» ሲሉ ቀልድ እንዳልሆነ ሁላችንም ገባን። አውሮፕላን በስለት ታስሯል። የቀረው መኪና ነው። በመኪና ደግሞ ወገባቸው ቀኑን ሙሉ አያስቀምጣቸውም፤ «ማን እንደተኛበት በማላውቀው አልጋ አልተኛም» ስለሚሉ ሆቴል አይታሰብም፤ ወሩ ፍልሰታ ነውና የመንገድ ምግብም አይሆንም። እኔም ብልህ ነኝ ብዬ «ለምን አልጋም ወጥ ቤትም ያለው ተጎታች ቤት አንጎትትም?» አልኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ይሄ ነው።

ፒክአፕ ነበረኝ። ካልጋሪ ውስጥ ፒክአፕ የሌለው ወንድ ጋቢ እንደሌለው ሽማግሌ ነው፤ ማንም ምንም አይለውም፣ ግን ያስታውቃል። የኔዋ እስከዚያን ቀን ከአንድ ጆንያ ሽንኩርት በላይ ተሸክማ አታውቅም። ተጎታች ቤቱን ኦኮቶክስ ከሚኖሩ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ገዛሁ። ሰውየው ደግ ናቸው፤ ቤቱን ዙሪያውን እያዞሩ ረዥም ማብራሪያ ሰጡኝ። እኔ ደግሞ ያልገባኝን ነገር ሲያስረዱኝ ነው ይበልጥ ራሴን የምነቀንቀው። በነቀነቅሁ ቁጥር እሳቸው የገባኝ እየመሰላቸው ወደሚከብደው ያልፋሉ። ስንለያይ እሳቸው ረክተዋል፤ እኔ አንገቴን አሞኛል።

ቤቱን እስከ ደጃፌ ጎትቶ ያመጣልኝ ደረጀ ነው። ደረጀ ረዥም ትራክ ይዞ አገር ለአገር የሚዞር ጓደኛዬ ነው፤ ለሁሉም ነገር መልሱ «ኢዚ ነው» ነው። ሚስቱ ጥላው ልትሄድ የነበረ ጊዜም «ኢዚ ነው» ብሎ ነበር፤ እሷን ለማስታረቅ ሽማግሌዎቹ ስንት እንደተመላለሱ እኔ አውቃለሁ። እኔን እንዲያዘጋጀኝ የለመንኩትም እሱን ነው።

«ፈርስት ኦፍ ኦል» አለኝ ፒክአፗ ስር ተንጋሎ፣ «ሂቹን ፊክስ እናድርግ። ከዛ ብሬክ ኮንትሮለር እናስገባለን። ኢዚ ነው።»

ሂች ማለት ከመኪናው ኋላ የሚታሰር የመጎተቻ ብረት ነው፤ ጫፉ ላይ የብረት ኳስ አለው። የተጎታቹ አፍ ያንን ኳስ ይጎርሳል። ኳስ ሁሉ ኳስ መስሎኝ የገዛሁት አነሰና ተጎታቹ ጎርሶ ተፋው። ከዚያ መሪው ስር የምትገጠም ትንሽ ሳጥን አመጣን፤ የተጎታቹን ፍሬን የምታዘው እሷ ናት። ገመዱን ራሴ ልግጠም ብዬ ገጠምኩት። ወደ ግራ ፍሬቻ ሳበራ ቤቱ ፍሬን ያዘ። ፍሬን ስረግጥ የቀኝ ፍሬቻ ብልጭ ድርግም አለ። ደረጀ ገመዱን ነቅሎ እንደ አዲስ ሲሠራ እማማ በመስኮት ሆነው «አንተ ልጅ፣ እሱን አታስነካው» ሲሉት ሰማሁ።

ስፖኪዮዎቹንም ቤቱን አልፈው እንዲያሳዩ አስረዘምናቸው። ዘይት ቀየርን፣ ጎማ ነፋን፣ ብሎን አጠበቅን። ፒክአፗ ጆሮዋ ተንጠልጥሎ፣ ኋላዋ በብረት ተሸክፎ ሳያት አዘንኩላት። ምን አድርጋ ነው?

የኋልዮሽ መንዳት የተማርኩ ዕለት ግን ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። ምስጢሩ፣ ቤቱ ወደ ቀኝ እንዲሄድ መሪውን ወደ ግራ ማዞር ነው። ይህን በቃል አውቀዋለሁ፤ እጄ ግን አያውቅም። ቤቱ ታጥፎ መንገዱን እንደ በር ዘጋው። ፑንጃቢው ጎረቤቴ በቋንቋው፣ ፊሊፒኗ ጎረቤቴ በቋንቋዋ፣ እማማ በአማርኛ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይመክሩኛል። «ቀኝህን ስጠው! ኧረ ቀኝህን!» ይላሉ እማማ። የማን ቀኝ እንደሆነ ግን አይናገሩም። በመጨረሻ ፑንጃቢው ጎረቤቴ በሩን ከፍቶ በትህትና አወረደኝና ራሱ አስገባው። እኔ ከሕዝቡ ጋር ቆሜ አጨበጨብኩ።

በዚያው ሰሞን መጥፎ ዜናውን ለእማማ የመንገር ዕጣ ደረሰኝ። ቤቱ እየተጎተተ ሰው ውስጡ መተኛት በሕግ ክልክል ነው። እሳቸው ግን አልጋው ላይ ጋደም ብለው፣ በመስኮት ተራራ እያዩ ቫንኩቨር የሚገቡ መስሏቸዋል።

«እና አልጋው ለማነው?» አሉኝ።

«ስንቆም ነው፣ እማማ።»

«ስንቆምማ ምን አስተኛኝ? የሚደክመኝ ስንሄድ ነው።» አንሶላውን ግን ያኔውኑ አነጠፉ፤ አልጋው በቤቱ የፊት ጫፍ ስለነበርም «በርበሬ አጠገቤ አይደርስም» ብለው የሚጫነው ሁሉ ወደ ኋላ እንዲሄድ አዘዙ።

የሚጫነው ደግሞ መምጣት ጀምሯል። ቫንኩቨር በመኪና፣ ያውም ቤት ጎትተን እንደምንሄድ ወሬው ደብራችን ደርሷል። «ትንሽ ነገር ናት፣ ለልጄ ታደርስልኛለህ?» ይሉኛል። ሐበሻ «ትንሽ ነገር ናት» ሲላችሁ እጁን ተመልከቱ፤ በሁለት እጁ ከያዘው ቁጭ በሉ። ሽሮ መጣ፣ በርበሬ መጣ፣ ምጥን መጣ፣ የአራስ አጥሚት መጣ፣ ለማላውቃት ሴት የሚደርስ የቡና ረከቦት መጣ። ቤዛ «ሃኒ፣ ኖ በላቸው እንጂ!» ትለኛለች። በሩ ሲንኳኳ ግን እሷም «ኧረ ችግር የለም፣ ግቡ» ትላለች። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ሚዛን ላይ ወጥቶ ቢለካ ከሽሮው ሁሉ እሱ ይከብዳል።

ለሙከራ ከደረጀ ጋር ይዘነው ወጣን። ወደ ኦኮቶክስ በሚወስደው መንገድ አልጋ በአልጋ ሄድን። ትንሽ ፍጥነት ስጨምርና አንድ ትልቅ ትራክ አጠገባችን ሲያልፍ ግን ቤቱ ጭራውን ቆላ። አንድ ጊዜ ወደ ግራ፣ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፤ እያንዳንዱ ከፊተኛው ይሰፋል። መሪው ከእጄ ሊወጣ ደረሰ።

«ብሬክ አትያዝ!» ብሎ ጮኸ ደረጀ። «ጋዙን ልቀቅ! ጀስት ልቀቀው!» ከዚያም ተንጠራርቶ የትንሿን ሳጥን ማንሻ በእጁ ሳበ። የተጎታቹ ፍሬን ብቻውን ያዘና ቤቱ ቀስ በቀስ ረጋ። ዳር ይዘን ቆምን። ደረጀ «ኢዚ ነው» አላለም፤ የፈራሁትም ያኔ ነው። በዓይኔ የመጡት፣ ጉዞው ሲጀመር እሱ በተቀመጠበት ወንበር ላይ የሚቀመጡት እማማ ናቸው።

ነገሩ ቀላል ነው፤ ክብደቱ ሁሉ ጭራው ላይ ነው። ጭራው ሲከብድ ቤቱ መኪናውን መንዳት ይጀምራል። ሚዛን ላይ ስናወጣው ደግሞ በጠቅላላውም ፒክአፗ ከምትችለው በላይ ሆነ። ደረጀ የሽማግሌዎች ፊት አደረገና «የውሃ ታንከሩ ፉል ነው እንዴ?» አለኝ።

«ሞልቼዋለሁ።»

«ዩ ኖው ውሃ ምን ያህል እንደሚከብድ? እሱም ከኋላ ነው። ዳምፕ አድርገው፣ መንገድ ላይ ትሞላለህ። ኢዚ ነው።» ኢዚው ሲመለስ ነፍሴም ተመለሰች።

ደጃችን ደርሰን ደረጀ ተንበርክኮ የታንከሩን መክፈቻ ሊያዞር ሲል እማማ ከበረንዳው ጮኹ።

«እጅህን አንሳ! ጠበል ነው!»

ደረጀ እጁን እሳት እንደነካው ሰበሰበ። «የምን ጠበል፣ እትዬ የሺ?»

«ትናንት አባን ጠርቼ ቤቱን አስባረክሁ። መንገድ ነው፣ ተራራ ነው፣ እንዲሁ ይኬዳል እንዴ? በባልዲ ውሃ ላይ ጸለዩ፣ ቤቱን ረጩ። የተረፈውን ታዲያ የት ላድርገው? መሬት ልድፋው? በዚያች ጎኑ ላይ ባለችው ቀዳዳ ጨመርኩት። ሁሉም ይባረክ ብዬ።»

እስቲ አብራችሁኝ አስቡ። ያ ታንከር የወጥ ቤቱ ቧንቧ ነው። ያ ታንከር መታጠቢያው ነው። ያ ታንከር፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሽንት ቤቱም ነው። ደረጀ ይህን አስቦ ሲጨርስ ኮፍያውን አወለቀ። ሰው በሚረግጠው መሬት ላይ ጠበል አይደፋም፤ ሽንት ቤት በጠበል ማጠብ ደግሞ በየትኛው መጽሐፍ እንደሚያስቀጣ ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም። ይዘነው እንዳንሄድ ቤቱ ይገለብጠናል።

አባ ዘንድ ደወልኩ። ሲስቁ እንዳልሰማቸው ስልኩን ያራቁ ይመስለኛል። «እኔ የባረክሁት አንድ ባልዲ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ይሁን። ሰው አይርገጠው። ለምእመናን አድሉት።»

ቤዛ የደብሩ የስልክ ግሩፕ ላይ ጻፈች። ሳቫና ከሚባለው ሰፈር፣ ከሌላውም፣ ሰው ጀሪካን ይዞ ደጃችን ተሰለፈ። ፑንጃቢው ጎረቤቴ የከተማው ውሃ የተቋረጠ መስሎት እሱም ባልዲ ይዞ ወጣ፤ እማማ ሞሉለት። እኔ ቧንቧውን ይዤ እቀዳለሁ፣ ታንከሩ እየቀለለ ነው፣ ልቤም አብሮ እየቀለለ ነው። ያልተገነዘብኩት አንድ ነገር ነበር። ሐበሻ ሰው ቤት ባዶ እጁን አይመጣም።

«ስለ ጠበሉ እግዜር ይስጥልን። እንግዲህ ከሄዳችሁ አይቀር ይቺን ትንሽ ነገር…»

ጠበል የወሰደው ሁሉ አደራ ሰጠ። ቅቤ መጣ፣ ማር መጣ፣ እዚያ ለሚማር ልጅ ድርቆሽ መጣ። አንድ ዲያቆን ከበሮ ይዞ መጣ፤ እዚያ ላለው ደብር የተገዛ ነው። «ክብደት የለውም፣ ቦታ ብቻ ነው» አለኝ። አመሻሽ ላይ ታንከሩ ባዶ ሆነ፤ ፒክአፗ ግን ጭራሽ ጎንበስ ብላለች። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ነው፤ የተቀበሉትን መመለስ አይቻልም። ከደረጀ ጋር በርበሬውን ሁሉ እማማ አልጋ ሥር፣ ወደ ፊት አዞርነው። የቤቱን ዕቃ፣ ወንበሩን፣ ጠረጴዛውን፣ ውጪ የሚጠበስበትን ምድጃ አውርደን ጋራዥ ከተትን። ሚዛኑ ላይ እንደገና ወጣን፤ አለፍን፣ በጭንቅ። እማማ «በርበሬ ላይ ተኝቼ ልሂድ?» አላሉም። ፊቴን አይተው አንሶላቸውን መልሰው አነጠፉ።

ልንነሳ ያለንበት ጠዋት ቤቱን ከፒክአፗ ጋር የሚያያዘውን ሰንሰለት እያሰርኩ ሳለ የቤዛ ስልክ ጮኸ። የህይወት ባል ነው። ምጥ ጀምሯታል፤ ከቀኗ ቀድማ።

ሁላችንም መኪናውን አየነው። ከዚያ ወዲያ ማዶ ያሉትን ተራሮች አሰብን። በዚህ ጭነት፣ በዚያ ዳገት፣ ብንፈጥን ነገ ነው። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የምግብ ቦርሳቸውን አቅፈው፣ ፒክአፗ አጠገብ ቆመዋል። የማደርገው ጠፍቶኝ የታሰረውን ሰንሰለት ፈታሁና እንደገና አሰርኩት።

በዚህ መሃል አንድ አውሮፕላን በጣራችን ላይ አለፈ። እማማ አላማተቡም። አንጋጥጠው እስኪጠፋ ድረስ ተከተሉት።

«ይሄ ነገር» አሉ፣ «እዚያ ለመድረስ ምን ያህል ይፈጅበታል?»

«ሁለት ሰዓት አይሞላም፣ እማዬ» አለች ቤዛ።

እማማ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ያኔ የተሳልኩት ለራሴ ነፍስ ፈርቼ ነው። ዛሬ የምሄደው ለልጄ ነው። ብስራት አብሳሪው ገብርኤል የምጥን ነገር ካልተረዳ ማን ሊረዳ ነው? ተነሺ፣ እንሂድ። እሱን እኔ አነጋግረዋለሁ።»

ቤዛ ሺፍቷን ቀድሞውንም አስተካክላ ነበርና ልጃችንን ይዛ አብራቸው ተነሳች። አየር ማረፊያው በር ላይ እማማ ትልቁን የቅቤ ዕቃ ከቦርሳቸው አውጥተው ሰጡኝ፤ በእጅ ይዞ መግባት አይቻልም ተብለዋል። እጄን ያዙኝ። «ቅቤውን አደራ» አሉኝ። «አንተንም አደራ።» ገቡ። እንደዚያ ቀን ሰው አኩርቶኝ አያውቅም።

ከዚያ ዞር ስል ቤቱ ቆሞ ይጠብቀኛል። እማማ ሄደዋል፣ የሚጎተትበት ምክንያት በርሯል፤ የሕዝብ አደራ ግን ሙሉ በሙሉ አለ። ደረጀ ጭነት ይዞ ሊወጣ ስለነበር ልሸኝህ እንኳ አላለም። በስልክ «ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ውረድ፣ አትቸኩል፣ ኢዚ ነው» አለኝ። ከበሮውን እማማ ሊቀመጡበት በነበረው ወንበር ላይ አስቀምጬ ቀበቶ አሰርኩለት።

ስለ መንገዱ ብዙ አልልም። ዳገቱን ስወጣ ከኋላዬ የተሰለፈው መኪና የሰርግ አጀብ ይመስል ነበር፤ ጡሩምባውም አልጎደለም። በየኩርባው ክርኔ ከበሮውን ይነካዋል፤ ድም ይላል። ቁልቁለቱ ላይ ቤቱ ከኋላ ገፋ ሲያደርገኝ ልሳል አፌን ከፍቼ ነበር። ቤታችንን አንድ ተሳይ ይበቃዋል ብዬ ዘጋሁት። በየማረፊያው ወርጄ ጎማ እነካለሁ፣ ሰንሰለት አያለሁ፣ ጭራው አልተወዛወዘም። አዳሬን በርበሬ አልጋ ላይ አድርጌ ሲነጋ እያስነጠስኩ ቀጠልኩ። ውሳኔዬንም እዚያው ወሰንኩ፤ ቫንኩቨር እንደደረስኩ አደራውን አራግፌ ቤቱን እሸጠዋለሁ። ጥሩ ብርሃን ባለበት ቦታ ቆሜ ለማስታወቂያ የሚሆን ፎቶ አነሳሁት። ከነተራራው አምሮበት ነበር።

የህይወት ደጅ ስደርስ እማማ ሕፃኗን ታቅፈው ወጡ። ሴት ናት። ደርሰውላታል፤ ህይወት እናቷ በሩን ከፍተው ሲገቡ ስታይ «እማዬ!» ብላ ማልቀሷን፣ ከዚያም እጃቸውን እንደያዘች መገላገሏን ቤዛ ነገረችኝ። እኔ ቅቤውን አቀፍኩ፣ እማማ ሕፃኗን አቅፈዋል፤ ማን ማንን እንደሚቀበል ግራ ገብቶን ቆምን። ያኔ እኔም አለቀስኩ። በርበሬው ነው ብዬ አሳበብኩ።

ገንፎው ቀርቦ፣ የአራሷ መሃሉ በቅቤ፣ የእኛ የጿሚዎቹ በተልባ ተሞልቶ፣ ሁላችንም ዙሪያውን ስንቀመጥ፣ አንድ ነገር ሳልጠይቅ ማለፍ አቃተኝ።

«እማማ፣ አውሮፕላኑ ተናጠ እንዴ?»

«መናጥማ ተናጠ። ተራራው ላይ።»

ማንኪያዬን አስቀመጥሁ። «ተሳሉ?»

«ተሳልኩ እንጂ!» አሉ። «ስለራሴስ አንዴ አፍርሻለሁና አፈርኩ። ስለ አንተ ነው የተሳልኩት። ‹ያን ልጅ ከነቤቱ ይህን ተራራ በሰላም አሻግረህ አምጣልኝ እንጂ፣ ስመለስ በሌላ በምንም አልመለስም፤ እዚያው ቤቱን ከሚጎትተው ከልጄ ጎን ተቀምጬ ነው የምመለሰው› አልኩት።» ጉንጬን ዳበሱኝ። «ይኸው እሱም አምጥቶ ሰጠኝ። ስለት ነው፤ ሁለተኛ አላፈርስም።»

ልጄ አሉኝ፤ ይሄ አንድ ነገር ነው። ስልኬን አውጥቼ ያን ያማረ ፎቶ አጠፋሁ። ከዚያ ገንፎዬን ጨርሼ ጎማዎቹን ለማየት ወጣሁ። ጎንበስ እንዳልኩ እማማ ከበሩ ላይ ጠሩኝ።

«ወደ ካልጋሪ ባዶ ቤት ይዘህ እንደምትመለስ ለህይወት ሐበሻ ጎረቤቶች ነግሬልሃለሁ። አንዳንድ ትንሽ ነገር አላቸው።»